ወርቁ ቀላ

አባቴ ሙሄ ነው፣ ሸዋ በር ነው ሱቁ፣
በትንፋሹ ነበር የሚቀልጠው ወርቁ።
የናስ ቧንቧ ነክሶ፣ ነበልባል ላይ ተደፍቶ፣
አርባ ዓመት ኖረ ጉንጩን እንደ ወናፍ ነፍቶ።

አምና ምላሱ ሥር አንዲት ነገር በቅላ፣
መስከረም ላይ ሽምብራ፣ ኅዳር ላይ ባቄላ፤
ከዚያ በኋላማ መለካቱን ተውን።
ሐኪሙ ስሟን ነገረን፤ አባዬ ግን «እንግዳዋ» ይላል፤
ወሎዬ እንግዳን «ውጪ» ማለት እንዴት ይችላል?

እኔ ልጁ ደግሞ፣ ከጦሳ ግርጌ፣
ጉም በተሰበረ መስኮት በሚገባበት ክፍል፣
አንጥረኛ ነኝ እንደሱ፤
ያለ መዶሻ፣ ያለ ወናፍ፣ ያለ ከሰል።

አንድ ቀን ብልቃጡን ይዤለት ሄድኩ።
«ይኸ ወርቅ ነው» አልኩት።
ሳቀ። ሲስቅ ያመዋል፤ ሳቀ ግን።
መናገር ካቃተው ወዲህ በደረሰኝ ጀርባ ነው የሚጽፈው፦
«ልጄ፣ ተሸውደሻል። ወርቅ ቢደቅ፣ ቢቀበር ሺህ ዓመት፣
ቢጫ ነው። ማን ሸጠልሽ ይኼን ቀይ ሥር ያጠቡበት?»

«ሲያንስ ይቀላል፣ አባዬ። ከፀጉር ሺህ ጊዜ ሲቀጥን፣
ሌላ ጠባይ ያወጣል፣ ይለውጣል መልኩን።
በደም ሥር ተጉዞ ከእንግዳዋ ጓዳ ያድራል፤
እኛ ከውጭ ሆነን መብራት ስንልክበት ይጠጣል፣ ይግላል፤
ጎረቤት ሳይነካ፣ እሷን ብቻ ያቀልጣል።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።
የመንገዱ ባጃጅ ሁሉ አለፈ፣
ከዚያ ጻፈ፦
«እኔ ሰም እቀርጻለሁ፣ ጭቃ አለብሰዋለሁ፤
ሰሙ በእሳት ሲወጣ ወርቁን አስገባለሁ።
ያንቺ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወርቁ ይቀድማል፣
ቀድሞ ገብቶ፣ ሰሙን ከቤቱ ያስወጣል።»
ይህን ያህል አጥርቶ አስተማሪዬም አልገለጸው።

በማግስቱ የቅባት ቆርቆሮ አስጨበጠኝ፦
የአሥራ አንድ ዓመት የሱቅ ጥራጊ፣
አመድና ፀጉር፣ መሐሉ ላይ የወርቅ ብናኝ።
«ከዚህ አንጥሪ» ይላል።

እንዴት ልበለው?
የእኔ ወርቅ ገና ከብርጭቆ ሳህን አልወጣም፣
ሰው ቀርቶ አይጥ አልቀመሰም።
ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ዓመታት አሉት ከፊቱ፤
እንግዳዋ ግን ማንበብ አትችልም፤
ለእሷ ሁሉም ቀን ገበያ ነው፣ ሰኞም ሆነ እሑዱ።

ሐሙስ ማታ ሕዋሶቹን ደርድሬ፣
ወርቁን አጠጥቼ፣ ሌዘሩን ላበራ ጣቴን ስሰድ፣
መብራት ሄደ።
ደሴ እንዳለች ጉም ውስጥ ሰጠመች።
ጭለማ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ፦
ወርቁ ገብቷል፣ ደጁ ተከፍቷል፣ ሁሉም ሰው ተዘጋጅቷል፤
የቀረው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ በፈረቃ ይመጣል።

አምስት ሰዓት ላይ ከታች ሰፈር ልጆች «መጣ!» ብለው ጮሁ።
እጄ እየተንቀጠቀጠ አበራሁ።
ሲነጋ በማጉያ መነጽር አየሁ፦
መብራቱ የነካቸው ሞተዋል፤
ከዳር ያሉት ምንም እንዳልተፈጠረ ይከፈላሉ፣ ይበዛሉ።
ወሎ ተወልጄ፣
ሬሳ ስቆጥር ደስ ያለኝ ያን ሌሊት ብቻ ነው።

እውነቱን ነገርኩት በመጨረሻ። «ላንተ አይደርስም» አልኩት።
ዝም አለ። ዕድሜ ልኩን ጣቱ ላይ ወርቅ አጥልቆ አያውቅም፤
«ለወንድ ሐራም ነው» ይላል፣ ለሙሽሮች እየለካ።
ደረሰኝ ገልብጦ ጻፈ፦
«ወደ ውስጥ ሲገባስ ብዬ ሸሁን ጠይቄያለሁ።
ለመድኃኒት ከሆነ ይቻላል አሉኝ። አብሽሪ።»

እንግዲህ የሸሁ ፈቃድ ደርሷል፤
የኮሚቴው ነው የቀረው።
ቆርቆሮውን ከቀዩ ብልቃጥ ጎን አስቀመጥኩት፣
ጥራጊውን ግን አልነካሁትም፤
ክዳኑ ላይ የአባዬ አውራ ጣት ጥቀርሻ አለበት።