መሳቢያ ውስጥ ያለ መንጋጋ

ካኦር ላይ፣ ሎት ወንዝ ዞሮ ከተማውን በሚያቅፍበት፣
የጥርስ ክሊኒክ አለኝ፤ ሁለት ወንበር ያለበት።
ሰው አፉን ከፍቶ ይተኛል፤ እኔ መብራቴን አበራለሁ፤
የነከሰውን፣ የዋጠውን፣ የዋሸውንም አያለሁ።

ከመሳቢያዬ ግን፣ ከማደንዘዣው መርፌ ጎን፣
በጨርቅ የተጠቀለለ መንጋጋ አለ፤ የማን እንደሆን
ለአዋቂ በሽተኛ አልናገርም።
ሲያለቅሱ ለልጆች አሳያለሁ። ወዲያው ዝም።

የአያቴ አያት ሲፕሪያን፣ ዶማ ነበረ ርስቱ፤
ጎህ ሲቀድ ጉድጓድ መውረድ፣ ሲመሽ መውጣት ጸሎቱ።
ፎስፌት ይቆፍሩ ነበር፤ ቀይ አፈር፣ ቢጫ ድንጋይ፣
ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ለሩቅ ስንዴ የሚሆን ሲሳይ።
ሆድ ያባውን ብቅል፣
ዋሻ ያባውን ዶማ ያወጣዋል፦
ከድንጋዩ መሐል አጥንት፣ ከአጥንቱ መሐል ጥርስ፣
ብረት ሲነካው የሚጮኽ፣ እንደ ሸክላ የሚፈርስ።
አለቃው በቶን እንጂ በጥርስ ቆጥሮ አያውቅ፤
«ያው ፎስፌት ነው! ወፍጮ ውስጥ ጣለው፣ ይድቀቅ!»

ተፈጨ።
ድብም ውሻም ያልሆነው፣ ገና ድመት ያልሆነችው፣ ሁሉም ተፈጨ፤
በጆንያ ታሰረ፣ በባቡር ተጫነ፣ ማሳ ላይ ተረጨ።
ሲያድን የኖረ ሁሉ በመጨረሻ ሣር አበቀለ፤
አንዲት ላም ጋጠችው። በቀል ካለ፣ ይህ ነው የተባለ።

አንዱን ግን ሲፕሪያን ከሸሚዙ ሥር ደበቀ።
ተያዘ፤ የቀኑ ደመወዝ ተቆረጠ፤ መንጋጋውን ግን አለቀቀ።
ሚስቱ ዜሊ፣ «ምንድን ነው?» አለችው፣ እሳት እየቆሰቆሰች።
«እንጃ። ሲናከስ የኖረ ነገር ነው።»
«እንኳን ሞተ» አለች።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ወንዙም ስም ሳይወጣለት፣
አንዲት ነበረች ዛፍ ላይ፤ ጥርኝ ብትሏት፣
ሸለምጥማጥ ብትሏት ያስኬዳል። ጢንዚዛ ትለቅም ነበረ፤
የጎን ጥርሷ ግን እንደ መቀስ ይሞረድ ጀመረ።
ከልጆቿ አንዱ ወገን ጥፍሩን ሸሸገ፣ ሌላው መሮጥ ለመደ፤
ድመትና ውሻ የተለያዩት ያኔ ነው፤ ጠባቸው ግን ገና አልተወለደ።

የሜዳው ጌታ ሌላ ነበር፤ «ጅብ-ጥርስ» ይሉታል ሊቃውንቱ።
ጅብ አይደለም፤ ስም ብቻ ነው፤ መቀሱ ወደ ጉሮሮ ቀርቦ፣ ከመንጋጋው ጓዳ ነው ቤቱ።
ሙያዬ ነውና ልናገር፦ ጥርሱን በሙሉ ስለት አደረገ፤
ለፍሬ፣ ለሥር፣ ለክፉ ቀን ምንም ሳያስቀር፣ ሥጋ ብቻ ፈለገ።
እነዚያ ትንንሾቹ ከመቀሳቸው ኋላ ሁለት ወፍጮ አስቀሩ።
ዘመን ቀዘቀዘ። ደኑ ሳሳ። ታጋሾቹ ኖሩ።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።
ሰው ይህን ለስድብ ይለዋል፤
እኔ ግን ጥርስ ላይ ተጽፎ አንብቤዋለሁ።

ሰይፍ ጥርስም መጣ፤ ጠፋ፤ ደግሞ መጣ፤
ያው ሰይፍ፣ ከሌላ ሰገባ፣ ከሌላ ዘር ወጣ።

ይህ በእጄ ያለው የዚያ የጌታው ነው። ጨርቁን ስፈታ
ዓይኔ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ፦
በግራ፣ ከትልቁ ስለት ሥር፣ አጥንቱ ተቦርቡሮ ክፍት ነው።
መግል ነበር እዚህ። ወራት። ምናልባት ዓመት።
በዚህ ጥርስ አሳደደ፤ በዚህ ጥርስ ሰበረ፤ ባንድ ጎኑ እየቆረጠ በላ እስከ ዕለተ ሞት።
ከዚያ ውኃ ሽቶ ይሁን አድኖ፣ የዋሻው አፍ ዋጠው፤
ከአራዊት ሁሉ ጥርስ የሌለው አፍ ነው የማይጠግበው።
እንዲህ ያለውን ሥር ማጽዳት አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም።
ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ዘገየሁ።

ሰኞ ለት ትንሹ አንሰልም መጣ፣ ጉንጩ አብጦ።
አሳየሁት። ልቅሶውን ተወ፣ ዓይኑ ፈጦ።
«ይነክሳል?»
«ድሮ። ወንድሞቹ ግን ስንዴ ሆነዋል፣
ዛሬ ጠዋት በቅቤ በልተሃቸዋል።»
አሰበ። ጥርሱን በምላሱ ነካ፣ አንድ በአንድ፣ እንደሚቆጥር።
ከዚያ አፉን ከፈተ፤
መብራቱን አቀረብኩ።