ዜሮ ነጥብ ስምንት

ግሪምስቢ ላይ፣ ከዓሣው ወደብ ጀርባ፣
ዝናቡ አግድሞ ነው ወደ ሱቄ የሚገባ።
መስታወቱ ያልባል፤ በሩ ያቃስታል፤
የገባ ሁሉ ከጫማው ጨው ያራግፋል፤
ከዚያ «የቱ ቬፕ ይበረታል?» ይላል።

እኔም ሁለት አወርዳለሁ ከመደርደሪያው፦
አንዱ የብረት ልጅ፣ ሌላው የላስቲክ ዘመድ ነው።
ብረቱ ከባድ ነው፣ ኪስ ይጎትታል፤
ከመሰላል ወድቆ ጥርሱን ነክሶ ይነሣል።
ላስቲኩ ቀላል ነው፣ የክብሪት ቀፎ ያህል፤
በሁለተኛው ወር አፉ ጋ ይሰነጠቃል፣
ፈሳሹ ሱሪ ላይ አገር ይሥላል።

«ግን» እላለሁ (ሁሌም እዚህ ላይ ነው ድምፄ የሚወርደው)
«ቅርፊቱ አይደለም ሰው የሚያማርረው።
ላይ ላዩን አይተህ ውስጡን ለቄስ እንዳይሆንብህ፣
ኮይሉን ነው፣ ኮይሉን፣ መጠየቅ ያለብህ።»
ጥጥ ያቀፈ ሽቦ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል፤
እሳቱ እዚያ ነው፤ ጣዕሙም እዚያ ይበስላል።
ዜሮ ነጥብ አራት ኦም፦ ጉም የሚያስተፋ፣
ፈሳሽ የሚጨልጥ፣ ባትሪ የሚያጠፋ።
አንድ ነጥብ ሁለት፦ ቁጥብ፣ ጠበብ ያለ ትንፋሽ ያለበት፣
ሦስት ሳምንት ይዘልቃል ባለቤቱ ካሰበለት።
መሃል ላይ ዜሮ ነጥብ ስምንት።

ሬግ የመሃል ሰው ነበር።
ሠላሳ ዓመት በመርከብ፣ ከዚያ በዓሣ ጨረታ፤
ልቡን ከቀደዱት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣
ሁለቱን በሁለት እጁ መዘነ፣ እንደ ዓሣ።
(በቀኙ ሁለት ጣት የለም፤ ዊንች በላቸው መረብ ሲያነሣ።)
ከዚያ ሳይጠይቀኝ ብረቱን ወለሉ ላይ ለቀቀው።
ኳ! አለ። አነሣው። ሳበው። ሠራ። ኪሱ ከተተው።
«ሰውም እንዲህ እየተፈተሸ ቢሸጥ» አለ፣ ሒሳቡን ሲከፍል።

አራት ዓመት መጣ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ዓርብ።
አንድ ፓኬት ኮይል፣ አንድ ጠርሙስ እንጆሪ ከናና።
ጥጡ ሳይርስ ያበራዋል፤ ሁሌ እቆጣዋለሁ፦
«ሳይቃጠል በቅጠል፤ አምስት ደቂቃ ጠብቅ» እለዋለሁ።
«ባሕር ላይ ስድስት ስድስት ሳምንት ጠብቄአለሁ፤
ድርሻዬን ጨርሻለሁ።»
ሐኪሙ ሁሉንም ተው ብሎት ነበር።
እኔ ደግሞ ኮይል እሸጥ ነበር።

ብረቱ ብዙ አየ። ከመርከብ ደረጃ ወደቀ፤
ከሱሪ ጋር ታጠበ፤ በረዶ ሳጥን ውስጥ አደረ፤ ቀለሙ አለቀ፤
ውሻው አኘከው፤ ጥጉ ላይ የጥርስ ምልክት ቀረ።
መብራቱ ግን በራ።

ጥር ላይ አልመጣም።
የካቲት ላይ ሚስቱ መጣች፣ ግሌኒስ፣ በዝናብ ካፖርት፤
ፎጣ ፈታ አስቀመጠችው። የጥርሱን ምልክት አወቅሁት።
«ይሠራል» አለች። «እሑድ እሑድ ቻርጅ አደርገዋለሁ።
እኔ አላጨስም። ዝም ብዬ እጫነዋለሁ።
ግን አሁን የሚሸተው የተቃጠለ ጨርቅ ነው።
ወንበሩ ጋ የነበረው፣ ያ ጣፋጭ ነገር፣ የት ሄደ?»

ቁጥሩን አታውቅም። ኦም ምን እንደሆነ አልነገራትም።
ከፈትኩት። ጥጡ ከሰል ሆኗል።
ዜሮ ነጥብ ስምንት አወጣሁ፤ ጠብታ በጠብታ አራስኩት፤
ሰዓቱን አየሁ።
ቆመን ጠበቅን፣ ሁለታችን፣ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ።
አራተኛው ደቂቃ ላይ «እሱ አይጠብቅም ነበር» አለች።
«አይጠብቅም» አልኳት።
አምስተኛው እስኪሞላ ጠበቅን።

ተጫነችው።
ትንሽ ጉም ወጣ፤ እንጆሪ፣ ከኋላው ናና።
ፊቷን አስጠጋች። አልሳበችም።
ጉሙ ካፖርቷ አንገት ላይ ትንሽ ተቀመጠ፣ ሄደ።

«ይሄኛውስ ስንት ጊዜ ይቆያል?»
ብረቱን ነው ኮይሉን? ልላት ነበር።
«ካላስቸኮልሽው» አልኩ፣ «ዓመት።»
ሳጥኑ ላይ ሦስት ሳምንት የሚል ጽሑፍ አለ፤
በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት።