ተሳታፊ ሰባት

ሐምሌ፣ መሐል ሜዳ። ጉሙ ደጅ ቆሟል።
«የባናውን ዋጋ እዚህ ላይ ይንኩልኝ።»
እትዬ በለጥሻቸው አውራ ጣት ሰደዱ፣
የበግ ፀጉርና ብርድ የሰነጠቁትን።
ነኩት፤ ዝም አለ። ደግመው ነኩት፤ ዝም።
«ይሄ መስታወትህ እኔን አያውቀኝም።»

ሦስት ወር አፈረስኩ፤ ቁልፉን አሰፋሁት፣
«አስገባ» የሚለውን «ሽጥልኝ» አልኩት።

ፈታኞቼ ስለ ሠንጠረዡ ሲጠይቁኝ ዋሉ፣
ስለዚያ አውራ ጣት አንዲት ቃል ሳይሉ።
አለፍኩ።

የማስተርስ ጥራዜን ይዤ ተመለስኩ፣
ሙጫው ገና ሳይደርቅ።
«ስሜ የቱ ጋ ነው?»
ገጽ ስልሳ ሦስትን ገልጬ አነበብኩ፦
«ተሳታፊ ሰባት።»
«ሰባትማ የወለድኩት ነው» አሉና ሳቁ።
ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳርፈው
ጫን አድርገው ቆዩ፣
የሚከፈት ይመስል።