ጥያቄ የተጻፈበት ጠርሙስ

እኔ የባሕር ልጅ ነኝ፤ አባቴ መረብ ይጠግናል፤
እናቴ ዓሣ ትቸበችባለች፤ ቤታችን ጨው ጨው ይሸታል።
ባሌ ነው ያመጣኝ ወዲህ፤ ዶውሮን ሽቅብ ተከትዬ
ገባሁ፣ ገደል በእርከን ከትረው ወይን ከሚያለሙበት ቀዬ።

አፈሩ አፈር አይደለም፤ ጥቁር ድንጋይ ነው ተነባብሮ፣
እንደ አሮጌ መዝገብ ቅጠል በቅጠሉ ተደርድሮ፤
ሐረጉ በስንጥቁ ገብቶ ውኃ ይፈልጋል ቆፍሮ።

አማቴ ቤልሚሮ ቃል ቆጣቢ ሰው ነበር፤
ከሰው ይልቅ ከግንድ ጋር ቆሞ የሚማከር።
ቅድመ አያቱ ሲተክሉ ስም አልመዘገቡም አሉ፤
ቱሪጋው ከሮሪዙ፣ ሱዛው ስማቸው ከጠፋው ሁሉ
በአንድ ረድፍ ይበስላሉ፣
በአንድ ቀን ይለቀማሉ፣
በአንድ ገንዳ፣ በባዶ እግር፣ እስከ ጉልበት ይረገጣሉ።
ማን ምን እንዳዋጣ የሚያውቅ የለም።

ወይኑን ቀይ ነው ማለት ስሙን ማጥፋት ነው፤
መብራት ፊት ብትይዘው መብራቱን ነው የሚውጠው።
ሲጀምር እንጆሪ ይላል፣ ጥቁር፣ ፀሐይ ያበሰለው፤
ቁንዶ በርበሬ ያስከትላል፤ ኋላም ዝናብ የነካው ድንጋይ፤
ከዚያ ምላስህን ጨምድዶ
«ቁጭ በል፣ ገና ነው» ይልሃል።

ሙሽራ ሳለሁ፣ በሰኔ፣ ሙያዬን ላሳይ ብዬ
ከሰል ላይ ሰርዲን ጠበስኩ፣ ደረቅ ጨው ብቻ ጥዬ።
ቤልሚሮ ምድር ቤት ወርዶ አቧራ የለበሰ ጠርሙስ
አመጣ፤ ለእንግዳ ክብር ነው፤ ቀዳልን እስኪፈስ።
ጎረስኩ፤ ጠጣሁ፤ አፌ ዛገ፤
መልሕቅ የላስኩ መሰለኝ፤
ወይኑ ዓሣውን ሲከሰው፣ ዓሣው መልሶ ሲያሰድበኝ።
ባሌ ዞር ብሎ ሳቀ። አባቱ ግን አልተቆጣም፤
አጥንቱ እስኪቀር በላ እንጂ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም።

አዶዚንዳ፣ የባሌ እናት፣ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝ፤
እጇን በሽርጧ እየጠረገች እንዲህ ስትል መከረችኝ፦

«ይህ ወይን ጾም አያውቅም።
ስብ ስጪው፤ ስብ ሲያጣ ድድሽን ነው የሚበላ።
የፍየል ግልገል ጥበሺለት በሸክላ፣
ሩዙ ከሥር ተነጥፎ
የሥጋው ጠል በላዩ ላይ ተንጠፍጥፎ።
በወይራ ጭስ የከረመ ቋሊማ ይወዳል፤
የበግ አይብ፣ በማንኪያ የሚጨለፈው፣ ይሆነዋል።
ጣፋጭ አታስጠጊው፤ ይመራል።
በርበሬም አታብዢበት፤ እሳት በእሳት ይሆናል።
ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ክፈቺው፣ አየር ይውሰድ፤
ከሥራ ሲገባ አታናግሪው፤
እራቱን አቅርቢና ተይው፤ ኋላ ራሱ ያወራል።»

ስለ ወይኑ ይሁን ስለ ባሏ
ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም።

ቤልሚሮ በየካቲት ሄደ፤ መግረዣ መቀሱ ከኪሱ ሳይወጣ።
ምድር ቤቱን ስናጸዳ አንድ ጠርሙስ ከጥግ መጣ፤
የዚያው የሰርዲኑ ዓመት። በጠመኔ፣ በተንጋደደ ጽሕፈቱ፣
«ዓሣ?» ይላል ደረቱ።
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ
ይህ ሰው ሲያስብበት ነበር ማለት ነው።

ለፋሲካ ወደ እናቴ ደወልኩ፤ ኦክቶፐስ ላከችልኝ።
ቀቀልኩት እስኪለሰልስ፤ ክንዶቹን ፍም ላይ ጣልኳቸው፣
ጫፍ ጫፋቸው እስኪያር፣ እስኪጠቁር አንገበገብኳቸው፤
ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት፣ ድንች በቡጢ ተመትቶ፣
ጭስ የጠጣ ቀይ በርበሬ፣ እፍኝ የማይሞላ፣ ታክሎ።
ጠርሙሱ ከማለዳ ጀምሮ አፉን ከፍቶ ጠበቀ።

ጎረስኩ። ጠጣሁ። ዝገቱን ጠበቅኩት፤
አልመጣም።
የፍሙ ጭስና የድንጋዩ ጭስ እንደ ዘመድ ተያዩ፤
ዘይቱ መሐል ገብቶ አስታረቀ።

አዶዚንዳ ቀስ ብላ አኘከች፤ ብርጭቆዋን ደገመች፤
ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠመኔውን አነበበች።
እኔም በአውራ ጣቴ ጥያቄ ምልክቱን ላጠፋው ስዘረጋ
እጄን ያዘችኝ።

«ኦክቶፐስ» አለች «ዓሣ አይደለም።»