አንድ ስንዝር ብርሃን

ጥር ነው ካያኒ ላይ፤ ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣
የድሮው የወረቀት ፋብሪካ በኮምፒውተር ታፍኖ፣
ፀሐይ ለምሳ መጥታ፣ ሳትቀመጥ ሄዳ፣
መስኮቱ ሥር የቀረው ሰማያዊ የበረዶ ሜዳ።
እኔ የሌሊት ተረኛ፣ ጆሮዬን በስፖንጅ ደፍኜ፣
በመደርደሪያው መሃል እዞራለሁ፣ የጩኸት ዘበኛ ሆኜ።

«ፍጠኑ» የሚል ደብዳቤ ከሄልሲንኪ መጣ፤
«ዘንድሮ እጥፍ ይሁን»፤ ሥሩ ማኅተም፣ ከማኅተሙ በላይ ቁጣ።
ቬይኮ አንብቦ ሣቀ። ለጡረታው ሦስት ወር ነው የቀረው።
ሰፊ መዳፉን ዘርግቶ ገመዱ ላይ ወጠረው፤
«ቫክሳ» አለኝ። እኛ ስንዝር የምንለው።

«ሰከንዱን ለቢሊዮን ክፈለው፤ ከዚያ ውስጥ አንዷን አንሣ፤
በእሷ ዕድሜ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ ተነሣ፣
ስንት ሄደ? ይችን። ከአውራ ጣቴ እስከዚህ።
ሚኒስትር ቢቆጣ፣ በጀት ቢጨመር፣ ከዚህ
አያልፍም።»

ቢሆንም ታዘዝን። ሁለቱን ቁም ሣጥኖች ገፍተን አስጠጋናቸው፤
ከገመዱ አራት ስንዝር ቆርጠን ጣልንላቸው።
ፈጠኑ። ግን ጋሉ፣ ባንድ ጠባብ አልጋ ሦስት ሆኖ እንደተኛ ሰው፤
ቀዩ መብራት ሲበራ ቬይኮ ሮጦ ፓምፑን ከፈተው።
«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ልል ነበር በቋንቋዬ፤
ይኼ የፈሰሰው ግን አይለቀምም፤ ሞቆ አለፈ
በጉንጬ፣ በግንባሬ፣ በላዬ።

«ማሰቡ በነፃ ነው» አለ ቬይኮ፣ ላቡን እየጠረገ፣
«ቢያንስ በወረቀት ላይ። የሚያስከፍለው መርሳት ነው።
አንድ ቁጥር ሲሰረዝ፣ ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ፣
ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ጥቂት፣ እጅግ ደቃቅ፤
ዜሮ ግን አይሆንም፣ ሠሪው የቱንም ያህል ቢራቀቅ።»

ንጋት ላይ ስወጣ፣ ከፋብሪካው እስከ መንደሩ ድረስ
በረዶው መሃል አንድ ጭረት አለ፣ ነጭ የማይለብስ፤
ከሥሩ ቧንቧው ነው፣ ማሽኑ የረሳውን ተሸክሞ
ወደ ቤቶቹ የሚሄድ፣ ሞቆ፣ ዝም ብሎ፣ ተጠማዞ።

ጭረቱን ተከትዬ ደረስኩ።
ወይዘሮ አውኔ በሯን ከፍታ፣ ከራዲያተሩ አጠገብ፣
ሰማንያ ሰባት ዓመቷን በሱፍ ካልሲ ጠቅልላ፣
እግሯን ታሞቃለች።
ስሜን ጠየቀችኝ ዛሬም። ትናንትም ነግሬያት ነበር፤
ከትናንት በስቲያም።
ነገርኳት። እጇን ዘረጋችልኝ፤
ትኩስ ነበር።