አንድ ኪሎ ከመቶ

መፍቻዬን፣ ሹካዬን፣ ቁልፌን ሰብስቤ፣
በመጨረሻ እሱን እሸጉጣለሁ ከወገቤ።
ስሙ ከነግብሩ፦ ሽጉጥ፣ የሚሸጎጥ፣
ከሰደርያ ሥር ቀኑን የሚያደፍጥ።
ሙሉ ቁመት፣ ሙሉ ብረት፣ ፕላስቲክ የሌለበት፤
አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም፣ ጥይቱ ሳይቆጠርለት።

"ትንሽ ግዛ" ይሉኛል፣ "ከኪስ የሚገባ"፤
ሊገድል የሚችል ዕቃ አይቅለል እንደ ላባ።
ይክበድ። ይጎርብጠኝ። መኪና ስነዳ ይውጋኝ፤
እንዳለ አልርሳው፤ መርሳቱ ነው የሚያሰጋኝ።

የኦክላሆማ ሐምሌ፣ አስፋልቱ ቅባት ሲለቅ፣
ሰዉ በካናቴራ፣ እኔ ሰደርያ ሳጠልቅ፣
"በረደህ እንዴ?" ይለኛል የማደያው ሒሳብ ተቀባይ፤
"ወገቤን ያመኛል" እላለሁ። እውነቴን ነው፤ ሐኪም ይይ።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ አንድ ቀን አልመዘዝኩት፤
እሑድ ማታ ላቤን ከብረቱ በዘይት እጠርግለት፤
ዝገት ብቻ ነው እስካሁን የመጣበት ጠላት።
የልጅ ልጄ ኮራሊ በግራ ነው የምታቅፈኝ፤
ማንም አልመከራት። ይኸ ነው የሚያንገፈግፈኝ።

ትናንት ኦሌታ ዘንድ ነበርኩ፣ የፒያኖዋ ቅኝት ላልቶ፤
ባሏ ከሞተ ዓመቱ ነው፤ ዓይኗም ከቀድሞ ጠፍቶ።
ከማታይ ሴት ምን ልደብቅ? ሰደርያዬን ወንበር ላይ ጣልኩ፤
ከፒያኖው ሆድ ተደፍቼ ክሩን አንድ በአንድ አከረርኩ።

ስጎነበስ የጎኔ ብረት የፒያኖውን ብረት ነካ፤
ትንሽ ድምፅ፤ ከሰማንያ ስምንቱ ቁልፍ ጋር የማይለካ።
"ይኸኛው የእኔ አይደለም" ብላ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤
ዝም አልኩ። መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ቀጠለች፦

"ዶይልም ይዞ ነበር፤ አርባ ዓመት ሳይነግረኝ፤
በቀኝ እግሩ ሲረግጥ ወለሉ ነበር የሚነግረኝ።
አንተም እንደሱ ነህ፤ ከደጄ ስትገባ ሰማሁ፤
ቀኝህ ከግራህ ይከብዳል።"
                    መፍቻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ምን ፈርቶ ነበር?" አልኳት።
"እንጃ። ያልመጣውን ሰው በቀኝ፣ እኔን በግራ አኑሮ፣
አርባ ዓመት አደረ" አለች። "ይኸ ነበር የእኛ ኑሮ።"

ሥራዬን ጨረስኩ። ሒሳቤን ተቀብዬ ሰደርያዬን ደረብኩ፤
ደህና ዋዪ ብዬ፣ ከበሩ ደረስኩ።
"እስኪ" ብላ ጠራችኝ፣ "ያን ድምፅ አንዴ ድገመው፤
ናፍቆኝ ነው እንጂ" አለች፣ "ጆሮዬስ አይወደው።"

ተመለስኩ። ጎኔን ከፒያኖው ብረት ቀስ አድርጌ አስጠጋሁ።
አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣
ድምፁ ከግድግዳው እስኪጠፋ አብረን አዳመጥን።

መኪናው ውስጥ ስገባ ወጋኝ።
እንደ ወትሮው፣ ወደ ግራ አዘነበልኩ።