ከሰባ በኋላ

ሚያዝያ ነው። ጉጃራት። ጥላ እንኳ ጥላ ፈልጎ
ከግንብ ሥር ተለጥፏል፣ ራሱን በራሱ ሸሽጎ።
ኬትኪ ካውቶቡስ ወረደች፣ የሜትር ጥቅልል ይዛ፣
ሦስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ በአቧራና ሙቀት ደንዝዛ።
በቦርሳዋ ደብዳቤ አለ፣ ትናንት ማታ የተጻፈ፦
«ሥነ ሕንፃ ለእኔ አይደለም፤ ሁለት ዓመቴ አለፈ።»
መምህሯ ጆሺ ብሏት ነበር፦ «ለክተሽ ነይ፤ ሌላ አትጨምሪ።
ስሜትሽን እቤት ተዪው። ደረጃውን ቁጠሪ።»

ግን ሕንፃው የታለ? ዓይኗ ሜዳውን አሰሰ፤
ጣሪያ የለ፣ ጉልላት የለ፣ ወደ ሰማይ የገሰገሰ።
እሾህ ብቻ። አንዲት ፍየል።
ዘበኛው፣ ሽማግሌው ሀርጂ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ቀስሮ፣
«ወደ ታች ነው ልጄ፤» አላት፣ «ያ ሰው ያነፀው ቆፍሮ።»

አንድ። ሁለት። ሰባት።
ስፋት ጻፈች፣ ከፍታ ጻፈች።
ሃያ ላይ ላቧ ደረቀ፤ አርባ ላይ ድምፅ ጠፋ፣
የመኪናው ጡሩምባ፣ የፍየሏ ጩኸት፣ አንድ ባንድ ወደ ላይ ተገፋ።
ስልሳ ላይ ብርሃን አገኘች፣ ጫማውን እንዳወለቀ ሰው፣
በዓምዶቹ መሀል በጣቱ ቆሞ ቀስ ብሎ የሚመላለሰው።
ሰባ...
ሰባ ስንት? ቁጥሩ ከአፏ አመለጠ፣
ሜትሩ ጧ ብሎ ወደ ቀፎው እንደ ቀንድ አውጣ ሰመጠ።

ውሃ የለም። ደርቋል፣ ከሀርጂ አባት ዘመን ጀምሮ።
የጉድጓዱ ከንፈር ላይ ግን፣ ድንጋዩ በገመድ ተሰርስሮ፣
አሥራ ሦስት ቦዮች። ጣት የሚያስገቡ። የለሰለሱ።
ግንበኛው አልቀረጻቸውም፤ በማንም ንድፍ ላይ የሉም።
ገመድ ነው። ከገመዱ ጀርባ ክንድ፤ ከክንዱ ጀርባ ጥም፤
ከጥሙ ጀርባ፣ ልጇን አስተኝታ የወጣች አንዲት ሴት፣
ስሟን ማንም ያልጻፈላት፣ እሷ ግን ድንጋይ የጻፈች በየጠዋት።

ኬትኪ ጣቷን ከተተች። ልክክ አለ።
ጠብ አለ አንድ ነገር፤ ላብ ይሁን እንባ አልለየችው፤
ድንጋዩ ግን ማንነቱን ሳይጠይቅ፣ ውሃ ነውና፣ ጠጣው።

ሰኞ ጆሺ ፊት የዘረጋችው
አንድ ቦይ ብቻ ነበር፤ በእርሳስ፤ በራሱ ልክ፤ ጣት በጣት።
ገለበጠው። ጀርባው ላይ ደብዳቤውን አነበበ።
መልሶ ገለበጠው። መነጽሩን አውልቆ አሰበ።
«ደረጃውስ?»
«ሰባ ላይ ጠፋብኝ።»
ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተና፣ ቀና ሳይል፦
«ቅዳሜ ተመለሺ፤» አላት፣ «ከሰባ አንድ ጀምሪ።»